ሙያ የማን ነው?

«ሙያ» የምትለዋ ቃል ሁሌ ትገርመኛለች። የወንድ ስትሆን መምህርነት፣ ግንበኝነት፣ ሹፍርና ማለት ናት። የሴት ስትሆን ግን ወጥ ማለት ናት። ሴቷ «ሙያ የላትም» ከተባለች ዲግሪ ብትደራርብም አለቀላት። ወንዱን ግን «ሙያ የለህም፣ ሽሮ እንኳ አትሠራም» ብሎ የሰደበ ሰው እስከዛሬ አልሰማሁም። እኔንም ማንም ብሎኝ ስለማያውቅ ተመቻችቼ ነበር የኖርኩት።

ላጤ መምህር እንዴት እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ከሆነ ምግብ ቤት ጋር ኮንትራት ይይዛል፤ ምሳና እራት በወር ሒሳብ። ጠዋት ሻይ በዳቦ። እኔም ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ጀምሮ እንደዛው ነበርኩ። ከዛ ኮንትራቱ ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። ሦስተኛው ጭማሪ ሲመጣ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። ኪራይ ተከፍሎ፣ ለአባቴ ተልኮ፣ ኮንትራት ሲታሰብ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። እና ወዳጆቼ፣ ወደ ምድጃ የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ሒሳብ ነው የላከኝ።

አንድ ድስት፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ማማሰያና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ። አከራዬ እትዬ (ፌስቡክ ላይ መውጣት ስለማይወዱ ስማቸው ይቆየን) ሽንኩርት ስልጥ አይተው «መምህር፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቅ አሉና ከአጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ትምህርቱ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነበር፦ «ሽንኩርቱ ራሱ ይነግርሃል፤ ዝም ብለህ ስማው። ውሃውን ሳይጨርስ ዘይት እንዳትጨምር።»

እውነት ነው፣ ይነግራል። መጀመሪያ ይንጫጫል። ቀስ እያለ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሽታው ይለወጣል፤ ድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል። ያኔ ነው ዘይቱ የሚገባው።

ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ የድስቱ ውስጥ ሙቀት ከመፍሊያው ነጥብ ብዙም አያልፍም። ያ የምንወደው ቡናማ ቀለምና የቁሌት ሽታ ግን በደንብ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው መሄድ አለበት። ነገሩን በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ስለነበር «የማያር ሪአክሽን» ይባላል። በርበሬውም ከዘይቱ ጋር የሚቁላላው በምክንያት ነው፤ ቀለሙም የሚያቃጥለው ነገሩም ከውሃ ይልቅ በዘይት ነው የሚሟሟው። ይሄንን ሁሉ በኩራት ለእትዬ አብራራሁ። እሳቸው እስከመጨረሻው ሰሙኝና «ይሄን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዘመን የተማርከው?» አሉኝ።

አንድ ሌላ ነገርም ገባኝ። ለተማሪዎቼ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ስል «በባሕር ወለል ላይ» የምትለዋን ሐረግ ቶሎ ብዬ ነበር የማልፋት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚለው ለዛ ነው። እትዬ ማታ ዘፍዝፈው የሚያድሩትም ለዛ ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩትን እሳቸው በድስታቸው ሲሠሩበት ኖረዋል።

ለጀማሪ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ ይኸውላችሁ። ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቃችሁ ከትፉ። ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት አማስሉት። ውሃውን ሲጨርስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ አድርጉና ሲፈላ ግማሽ ብርጭቆ ሽሮ በአንድ እጅ እየበተናችሁ በሌላው አማስሉ። ከዛ እሳቱን ቀንሱ፤ አትቸኩሉ። ዘይቱ ከላይ ብቅ ሲል ደርሷል። እንጀራ ግን እገዛለሁ፤ አልዋሽም። ምጣድ ሌላ ዓለም ነው።

መውደዱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከ50 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ስትጮህ ውለህ፣ ያልታረመ ደብተር ተሸክመህ ገብተህ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጭንቅላትህ ያርፋል። ደሞ የማስተማር ውጤት የሚታየው ከወራት፣ ሲብስም ከዓመታት በኋላ ነው። ሽሮ ግን በ40 ደቂቃ ውጤቱን ይነግርሃል። ኮንትራቱን ከተውኩ በኋላ ገንዘብ መትረፉ ጥሩ ነው፤ አሁን ግን ኮንትራቱ ቢረክስም የምመለስ አይመስለኝም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ሽሮ ብዬ አይደለም። ስለ አባቴ ነው።

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት። አባቴ ገበሬ ነው። ጠምዶ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ የታመመ በሬ ያድናል። ሻይ ግን አፍልቶ አያውቅም። ጎረቤት ባመጣለት ቀን ይበላል፤ ባላመጡለት ቀን ቆሎ ቆርጥሞ ይተኛል። ይሄን እሱ አልነገረኝም፤ ሰው ነው የነገረኝ።

ክረምት ሄድኩና እንጨት አንድጄ ድስት ጣድኩ። ያለኝ «ተው አንተ! ሰው ያያል» ነው። ተነስቶ በሩን ዘጋ። ጭሱ ቤቱን ሞላው። መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሽንኩርቱ ከተቁላላ፣ ውሃው ከተጨመረ በኋላ፣

«ሁልጊዜ ይሄን ያህል ይቆያል?» አለኝ።

«አዎ አባዬ። ይሄ እንኳ ሽሮ ስለሆነ ነው» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዛ «እሷ እኮ ከኔ ጋር ከእርሻ ገብታ ነበር የምትሠራው» አለ።

ሌላ ምንም አልተናገርንም። በላን።

በሦስተኛው ቀን በሩን አልዘጋም። በሳምንቱ ሽንኩርቱን ራሱ ላጠ። ስመለስ ሻይና ሽሮ ችሎ ነበር። እንጀራውን ጎረቤት ትጋግርለታለች፤ እሱ ደሞ እንጨት ይፈልጥላታል። አሁን ስደውልለት «ምን በላህ?» ስለው የሚመልሰው አያጣም። ባለፈው ሳምንት እንደውም «ያንተ ሽሮ ቀጭን ነው» ብሎኛል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ብዙዎቻችሁ ሥራ ይዛችሁ ቤት ተከራይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ የልጅ አባት ሆናችኋል። ምግብ መሥራትን ለሚስት የሚዋል ውለታ አታድርጉት። የራስን ሆድ መሙላት መቻል ነው። ወንድ ልጅ ያላችሁ ደግሞ በዚህ ክረምት አንድ ወጥ አስተምሩት። በሩን ሳትዘጉ።

እኔ አሁን ምስር ወጥ ላይ ነኝ። የምታሳምሩት ካላችሁ በውስጥ መስመር አስተምሩኝ፤ ተማሪ ሆኛለሁ።