ሁለት ብልቃጥ፣ አንድ ማዕድን

እናቴ ኦሮራ በሚገኘው ቤቷ፣ ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ ሁለት ብልቃጥ ነበራት። አንዱ ላይ «ሴሌኖሜታዮኒን»፣ ሌላው ላይ «ሶዲየም ሴሌናይት» ይላል። ስማቸው ስለሚለያይ ሁለት መድኃኒት መስለዋት በየቀኑ ከሁለቱም አንድ አንድ ክኒን ትውጥ ነበር። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር፣ «ለፀጉር ጥሩ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለችኝ።

ጽሑፉን አብረን አነበብን። ሁለቱም ሴሌኒየም ናቸው። የመጀመሪያው በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ጡንቻ ውስጥም ይከማቻል። ሁለተኛው የሚገባው በመጠኑ ነው። ሲበዙ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ። እያንዳንዱ ክኒን 200 ማይክሮግራም አለው፤ መልቲቪታሚኗ ደግሞ 55። ድምሩ 455! ለአዋቂ ሰው በቀን 55 ይበቃል፤ አሜሪካ ውስጥ የተቀመጠው ጣሪያ 400 ነው። ከዚያ ካለፈ ፀጉር ሊያረግፍ፣ ጥፍር ሊሰባብር፣ ትንፋሽንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሊያሸት ይችላል።

«ታዲያ ጎጃም ላለችው እህቴ ልላከው?» አለች። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። በምዕራብ አማራ በብዙ ቦታ እህሉ ሴሌኒየም ያንሰዋል። እዚህ ግን ዳቦው፣ ሥጋውና እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃናል። ሆኖም ለአክስቴም ቢሆን መጠኑን መወሰን ያለበት ሐኪም ነው።

እናቴ ክኒኖቹን አቁማ፣ ብልቃጦቹን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። አሁን አዲስ ነገር ከመዋጧ በፊት፣ «ና፣ ይህን አንብብልኝ» ትለኛለች። እኔ እንግሊዝኛውን አነብላታለሁ፤ እሷ አማርኛዬን ታርመኛለች።