ስንቅ የሌለው ጀግና

ካውቦይ ፊልም አዲስ አበባ ገብቶ ያልረገጠው ደጃፍ የለም። ከሲኒማ ኢትዮጵያና ከአምባሳደር አዳራሽ ተነሥቶ እስከ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ድረስ ዘልቋል። ጃንጎ ሬሳ ሣጥኑን በጭቃ ውስጥ ሲጎትት፣ ትሪኒቲ ፈረሱ በሚጎትተው ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ እያንቀላፋ ሲመጣ በጎረምሳነቱ ያየ አባት፣ ዘመን ቆይቶ ያንኑ ፊልም ከልጁ ጋር በቪዲዮ ካሴት አይቶታል። የፊልም ወረፋ እንጂ የትውልድ ልዩነት አልነበረም።

በሌላው ዓለም ይህ ፍቅር በዓይን ብቻ አልቀረም። የፊልም ጀግኖችን አሳንሰው ምስላቸውን የሚሠሩ፣ እነዚያንም እየገዙ መደርደሪያ ላይ የሚደረድሩ ሰዎች አሉ። በብዛት የሚሰበሰበው ዓይነት የእውነተኛውን ሰው አንድ ስድስተኛ ያህላል፤ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክንዱና ጉልበቱ ይታጠፋል። ልብሱ ከእውነተኛ ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ ቦት ጫማው ላይ አቧራ የመሰለ ቀለም ተረጭቶበታል። አንዱ ብቻውን ከ200 ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። አሻንጉሊት ብላችሁ ብትጠሩት ግን ሰብሳቢው ይከፋዋል። ለነገሩ ይህ ቅሬታ የቆየ ነው። ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ አይ ጆ የተሰኘውን ወታደር ለገበያ ሲያወጣ፣ «ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም» ተብሎ ሌላ ስም ተፈልጎለታል።

እኛ ኮልፌ ያደግን ልጆች የሚገዛውን አናውቀውም፤ የሚሠራውን ግን እናውቃለን። በ1990ዎቹ አጠና ተራ አካባቢ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ቪዲዮ ቤት ገብተን፣ አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን አይተን ከወጣን በኋላ ሥራው ይጀመራል። አጥንቱ ሽቦ፣ ሥጋው ጭቃ፣ ባርኔጣው የተቀጠቀጠ ቆርኪ፣ ቀበቶው ከተጣለ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ነው። ዳኞቹ ጨካኞች ነበሩ። ሽጉጡን በግራ ጎኑ ያደረገበት ልጅ «ፊልሙን አላየህም ማለት ነው» ይባልና ሥራው ይፈርስበታል። ከሁሉም በላይ የምንሠራው ግን «አክተሩን» ነው። አክተሩ አይሞትም፤ ስለዚህ ጭቃ የሚባክነው ለእሱ ነው። የቀረው የከተማ ሰው በሙሉ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ደግሞ ተሸንፎ ሲወድቅ አያሳዝንም።

በዚህ ረገድ ከእኛ በፊት የነበሩትም ያው ናቸው። ጎንደር የተወለዱት የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ፣ በልጅነታቸው በጎንደር ተራሮች ላይ ካውቦይና ሕንድ ሲጫወቱ ሁልጊዜ ልባቸው ከካውቦዩ ጋር እንደነበር፣ የታርዛንን ፊልም ሲያዩም አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር ተናግረዋል። ልጅ የሚያየው ካሜራው ባቆመለት በኩል ነው። ካሜራው ከጀግናው ጀርባ ከቆመ፣ ከጀግናው ጀርባ ያለው ሰው ሁሉ ከዓይን ይሰወራል።

የተሰወረውን ሰው ያስታወሱኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በጥንቃቄ ጠቅልሎ አንድ ምስል ይዞ ነበር፤ ክሊንት ኢስትዉድ፣ ያ በየፊልሙ ቅጽል እንጂ የልደት ስም የሌለው ሰው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲያደንቅ፣ ኮልፌ ካምፕ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስነት ያገለገሉት ጎረቤታችን መነጽራቸውን አድርገው በመዳፋቸው ያዙት።

«ትጥቁስ ደህና ነው» አሉ። «ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ ማሰሩ ቶሎ ለመምዘዝ ነው። ይቺም በርኖስ የመንዝ ትመስላለች፤ ለብርድ ደግ ናት።» ቀጥለው ሣጥኑን አንሥተው ገልብጠው አዩት። «ስንቁስ?»

የአክስቴ ልጅ ሣቀ። «አባባ፣ ሲጋራ ይዟል እኮ።»

«ሲጋራውንማ አየሁት። የሚበላውን ነው የምልህ፣ ልጄ። ሲቆስል ማን ያነሣዋል? እናቱስ የት ናት?»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። እኔ ግን ጥያቄው ስላልለቀቀኝ «ለእፍኝ ዶላር» የተባለውን የ1964 ፊልም እንደገና አየሁት። ሰርጂዮ ሊዮኔ ታሪኩን የቀዳው ከጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» ነው፤ የተቀረጸውም ስፔን ውስጥ ነው። ሽማግሌው ፊልሙን ሳያዩ የጠየቁት ሁሉ ፊልሙ ውስጥ አለ። ጀግናው ተደብድቦ ከሞት አፋፍ ሲደርስ፣ ሬሳ ሣጥን ሠሪው ሽማግሌ በሣጥን ውስጥ ደብቆ ከከተማው ያስወጣዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት በተደበቀበት ስንቅ ያቀብለዋል፤ በኋላም ተይዞ ሲገረፍ ያለበትን አይናገርም። እናቱንም ቢሆን፣ አንዲት ሴት ከባሏና ከልጇ ጋር እንድታመልጥ ሲረዳ ምክንያቱን ተጠይቆ፣ እንደ እሷ ያለች አንዲት ሴት ያውቅ እንደነበረና የደረሰላት ሰው እንዳልነበረ ብቻ ይናገራል። እናቱ ትሁን ሌላ ሰው አይገልጽም፤ ስለ ራሱ የሚነግረን ግን ይህችን ብቻ ነው።

ፊልሙ የጀግናውን ባለውለታዎች አልረሳም። የረሳቸው ሣጥኑ ነው። መደርደሪያው ላይ የወጣው ባለ በርኖሱ ብቻ ነው፤ ያበላው፣ የደበቀውና የተገረፈለት እንደ እኛ ጠጠሮች ስም የለሽ ሆነው ቀርተዋል። የሚገርመው፣ ማርክስ የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ጆኒ ዌስት የሚባል ካውቦይ ካወጣ በኋላ፣ ብቸኝነቱ አላምር ብሎት ይሆናል፣ ጄን የምትባል ሴትና ልጆች ጨምሮለታል። ጆኒ ግን የፋብሪካ እንጂ የፊልም ልጅ አልነበረም።

ለእኛ አገር ሰው ስንቅ የሌለው ዘማች እንቆቅልሽ ነው። ዘማች ማለት በሶውና ቋንጣው፣ የሚጭነው በቅሎ፣ የሚከተለው ጋሻ ጃግሬ፣ እህል የምትፈጭ ሴት ማለት ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እቴጌ ጣይቱ ለተዋጊው ውሃ የሚያመላልሱ ሴቶች ማሰለፋቸው ከጦርነቱ ታሪክ የማይነጠል ነው። ድሉን የምንተርከው ግን ብዙ ጊዜ በፈረስ ስም ነው፤ እንስራዋን ተሸክማ ተራራ የወጣችው ሴት ስም የላትም። ስለዚህ ሣጥኑን በባዕድ ብቻ አላሳብብም።

ፍቅር ምን ያህል እንደሚያስቆፍር ደግሞ ስፔን ውስጥ ታይቷል። የሊዮኔ የ1966 ፊልም የሚያልቅበት ክብ መቃብር የስፔን ወታደሮች ለቀረጻ ብለው የሠሩት፣ ከ5,000 በላይ ሐሰተኛ መቃብር የተደረደረበት ስፍራ ነው። አፈር በልቶት ጠፍቶ ሳለ፣ ከ2015 ጀምሮ የፊልሙ ወዳጆች በገዛ ዶማቸው ቆፍረው አወጡት። ማንም ያልተቀበረበትን መቃብር!

የእኛ ኮልፌ ደግሞ እውነተኛ ስሙን የደበቀ እውነተኛ ሰው አስተናግዷል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ የጦር ሥልጠና ወስደዋል። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበራቸው። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተዋቸዋል። ማንዴላ ሽጉጡን ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮኒያ በሚገኘው ሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ያቺ ሽጉጥ ለዓመታት ስትፈለግ ኖራለች። ሰው የሚፈልጋት የማንዴላ ሽጉጥ እያለ ነው፤ ለእኔ ግን ስንቅ ናት፤ ከኮልፌ የተቋጠረች።

የአክስቴን ልጅ ስብስብ አልነቅፍም። ያን ምስል የሠራው ሰው የበርኖሷን ዘርፍ ሳይቀር አጥንቷል፤ እንዲህ ተጠንቅቆ ማየት ደግሞ ራሱ አክብሮት ነው። እኔ የምለው ጥንቃቄው ከጀግናው ጎን ላሉትም ይድረስ ነው። አንድ ቀን ኮልፌ የራሷን ምስል የምትሠራ ከሆነ፣ ሣጥኑ ውስጥ ረጅሙ ደቡብ አፍሪካዊ ለብቻው አይቁም። አሠልጣኞቹ አጠገቡ ይሁኑ። ከጥፍር የምታንስ ፓስፖርት፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባት፣ እጁ ላይ ትቀመጥ። ሽጉጧንም ኮሎኔሉ ሲሰጡት እንጂ እሱ ሲተኩስባት አይሁን። ያን ሣጥን ሽማግሌው ገልብጠው ቢያዩት፣ ስለ ስንቁ የሚጠይቁት አይኖርም።