የንጋት ብስክሌት በአራሺያማ

ጃፓን ሄዳችሁ ኪዮቶ ከተማን የማየት ዕድል ብታገኙ አንድ ምክር አለኝ፤ አራሺያማን በቀትር አትሂዱባት። በንጋት፣ ያውም በብስክሌት ሂዱ። አራሺያማ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በተራራና በወንዝ መካከል ያለች ሰፈር ናት፤ ስሟም “የዐውሎ ነፋስ ተራራ” ማለት ነው። ረፋዱ ላይ ባቡሮቹ ሕዝቡን ሲያራግፉ መንገዱ እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ ይጨናነቃል። በማለዳ ግን የሚሰማው ወፍና ውሃ ነው።

በሰኔ ወር በዚያ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ገደማ ንጋትን ለለመድን ሰዎች ይህ ግር ይላል። ባለቤቴና እኔ ከአስጎብኚያችን ጋር በ11 ሰዓት ተኩል ስንገናኝ ፀሐይ ቀድማን ወጥታ ነበር። አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ፣ እጅግ ትሑት ሴት ናቸው፤ ብስክሌት ላይ ሲወጡ ግን ወጣት ይሆናሉ። በጃፓን የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ባለቤቴ በየመታጠፊያው “ግራሽን ያዢ!” እያለ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቆምነው ቶገትሱክዮ ድልድይ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ንጉሠ ነገሥት ካሜያማ ጨረቃ በድልድዩ ላይ የምትሻገር መስሎት ስሙን እንዳወጣለት ይነገራል። 155 ሜትር ይረዝማል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለንተናው እንጨት ይመስላል፤ ነገር ግን በ1934 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ምሰሶው አርማታ ሆኖ መደገፊያው ብቻ በእንጨት ቀርቷል። በ1606 ሱሚኖኩራ ርዮኢ የተባለ ነጋዴ ከላይ ያለውን የወንዙን አለት አስጠርጎ ጀልባ እንዲያልፍበት አደረገ፤ ከተራራው ግንድና እህል ወደ ኪዮቶ የሚወርደው በዚህ ነበር። ዛሬ በዚያው መስመር 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርዱት ጎብኚዎች ናቸው።

ከዚያ ወደ ቀርከሃው ጫካ ገባን። እዚህ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ነው። እኛም አገር በአዊና በሲዳማ ቀርከሃ ስላለ አዲስ አይሆንብኝም ብዬ ነበር፤ ነፋሱ ሲነሳ ግን ዝም አልኩ። ከላይ ቅጠሉ ሹክ ይላል፣ ከመሐል ግንዱ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቀስ ብሎ ያንኳኳል። የጃፓን መንግሥት በ1996 ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው መቶ የአገሪቱ ድምፆች አንዱ ይህ ነው። ድምፅ መመዝገባቸው ደስ አሰኝቶኛል።

አስጎብኚያችን ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሙና በእጃቸው አንዱን ግንድ ዳሰሱ። በስለት የተቀረጸ የሁለት ሰዎች ስም ነበረበት፤ በመካከሉ ልብ ተስሏል። በ2018 እንዲህ የተፋቁ ወደ 100 የሚሆኑ ግንዶች ተገኝተው ነበር፤ ፊደሉም የብዙ አገር ፊደል ነው። ቀርከሃ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም። ከመሬት ሲወጣ የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አይወፍርም፣ አዲስ ቅርፊትም አያበቅልም። ስለዚህ ቁስሉ እስኪቆረጥ ድረስ አብሮት ይኖራል። “ፍቅራቸውን ሊያስታውሱ ነው፤ ግን ማስታወሻው የእነርሱ አይደለም” አሉ ሴትዮዋ፤ ቁጣም አልነበረባቸው። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ “እኛ ስንጋባ ፎቶ ነበር የተነሳነው” አለ። ሳቅን፤ እርሳቸው ግን ገና ግንዱን ይዳስሱ ነበር።

ከጫካው ማዶ እርሻ መካከል ራኩሺሻ የምትባል ባለ ሣር ክዳን ትንሽ ጎጆ አለች። “የወደቀ ካኪ ጎጆ” እንደ ማለት ነው፤ ካኪ የሚሉትን ፍሬ ጃፓኖች እጅግ ይወዱታል። ባለቤቷ ገጣሚው ክዮራይ የዛፎቹን ፍሬ ለነጋዴ ሸጦ ሳለ፣ በዚያው ሌሊት ዐውሎ ነፋስ ሁሉንም አራገፈው ይባላል። ሌላው ሰው ቢሆን ያንን ሌሊት ሊረሳው በወደደ፤ እርሱ ግን የቤቱ ስም አደረገው። መምህሩ ባሾ በ1691 እዚህ ሰንብቶ የዕለት ማስታወሻ ጽፏል። ውጭ ካለው ግድግዳ ላይ ባርኔጣና የገለባ ካባ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከተሰቀለ ባለቤቱ ቤት አለ ማለት ነው። ይህን ልማድ ለጓዳችን ወድጄዋለሁ።

ሽቅብ ስንወጣ አዳሺኖ ደረስን። በዚያ 8,000 ያህል የድንጋይ ምስሎች ተሰብስበው ቆመዋል፤ ጥንት ዘመድ ሳይኖራቸው በዚያ ኮረብታ የተጣሉ ሙታን መታሰቢያ ናቸው። ሃይማኖቱ የእኛ አይደለም፤ እኛም ከደጅ ቆየን። አስጎብኚያችን ጎንበስ ብለው ሲመለሱ ማንም ምንም አልተናገረም፤ ቁልቁለቱንም ፍሬን ይዘን በዝምታ ወረድን።

ብስክሌቱን ያስረከብነው የተንርዩ-ጂ በር በሚከፈትበት በ2 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ የቡድሃ ቤተ መቅደስ በ1339 ተመሠረተ፤ ቤቶቹ ደጋግመው ተቃጥለዋል፣ ኩሬውና ዙሪያው ያለው አትክልት ግን ከዚያ ዘመን ጀምሮ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ቀርከሃው ብቅ ብንል መንገዱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ነፋሱ ቢነፍስም አልሰማነውም።