ከባሕር ዛፉ ሥር

ከኮልፌ አጠና ተራ በላይ ያለውን ተረተር በልጅነቴ ባሕር ዛፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለብሶት ነበር። ሐምሌ በገባ ቁጥር ግን ከዚያው ከዛፉ መሃል ቀይ ደራሽ እየወረደ የጎረቤቶቻችንን አጥር ይነቅላል፤ ጓዳ ድረስ ጭቃ ያስገባል። ነገሩ ግራ ያጋባኝ ነበር። ትምህርት ቤት ደን አፈርን ይጠብቃል ተብለናል፤ ደኑ ይኸው ፊት ለፊታችን ቆሟል። ታዲያ ይህ ሁሉ አፈር ከየት ይመጣል?

መልሱን ያየሁት አንድ የነሐሴ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጭራሮ ልንለቅም ወጥተን ዶፍ ሲይዘን ነው። ግንድ ተጠግተን ቆምን። ከላይ ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ትልልቅ ጠብታ እየሆነ ሲወርድ መሬቱን ይቦረቡረው ጀመር፤ ጭቃው እየተፈናጠረ ቁርጭምጭሚታችንን አለበሰው። ዝናቡ ሲያባራ ጎንበስ ብዬ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትንንሾቹ ጠጠሮች እያንዳንዳቸው በቀጭን የአፈር ምሰሶ ላይ ተቀምጠዋል። ጠጠሩ የሸፈነው አፈር ብቻ ቀርቶ ዙሪያው ያለው በሙሉ ታጥቦ ሄዷል። የዛፎቹ ሥር ደግሞ ተራቁቶ ወጥቷል።

ከዛፉ ሥር ቅጠል የሚባል አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ሴቶች ወደ ተረተሩ ይወጣሉ፤ መሬቱን በጭራሮ ጠርገው፣ የረገፈውን ቅጠል በማዳበሪያ ጠቅጥቀው፣ ጎብጠው ተሸክመው ይወርዳሉ። እናቴም ከእነሱ ትገዛ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ምጣዱን ቶሎ ያግለዋል። ለዚህ ነው መሬቱ እንደ ተጠረገ አውድማ የሆነው።

በኋላ ሳነብ ዓይኔ ያየው ነገር ምክንያቱ ገባኝ። ከቅጠል ጫፍ የሚንጠባጠብ ጠብታ ከሰማይ በቀጥታ ከሚወርደው ብዙ ጊዜ ይተልቃል። ከ8 እስከ 10 ሜትር ከወረደ ደግሞ ሙሉ ፍጥነቱን ሊያገኝ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የደረሰ ባሕር ዛፍ ከዚያ በላይ ይረዝማል። መሬቱ ራቁቱን ከሆነ ጠብታው አፈሩን ይፈነቅላል፤ የተፈነቀለው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ መስረጊያ ያጣው ውኃ ቁልቁል ይሮጣል።

ትልቅ ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ሱባ ሄድን። ከኮልፌ ቀና ስንል የምናየው የወጨጫ ፊት አብዛኛው የታረሰ ነው። በምዕራብ ጎኑ ግን የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። እዚያም ዝናብ ያዘን። ከላይ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከመሃል ቁጥቋጦ፣ ከታች እግር የሚሰምጥበት የበሰበሰ ቅጠል። የደን ጠባቂው አባባ ቅጠሉን በዱላቸው ገለጥ አድርገው፣ «ዝናቡ የሚቀመጠው እዚህ ነው፣ ልጆቼ» አሉን። ወደ ጅረቱ ስንወርድ ውኃው ሞልቷል፤ ነገር ግን አልደፈረሰም፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። በማግስቱ ኮልፌ ስመለስ በቦያችን የሚወርደው ቡናማ ነበር።

የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በአገራችን ስላለው የአፈር መሸርሸር ብዙ የደከመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ወሎ ማይባርና ጎጃም አንጀኒን በመሳሰሉ ቦታዎች የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ግምት የታረሰ መሬት በአማካይ ከ1 ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ያጣል፤ ደን ግን 1 ቶን ገደማ ብቻ። ይህ 1 ቶን የሱባን ዓይነት ደን እንጂ የእኛን ተረተር አይገልጽም ብዬ አምናለሁ። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ደን ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አንድ አይደሉም።

በሴቶቹ ላይ ግን መፍረድ አልችልም። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት እንዳትፈታ ያደረገው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከተማዋ እንጀራዋን የጋገረችው በእነዚህ እናቶች ጀርባ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ኮልፌ ላይ ጉድጓድ እቆፍር ነበር። አጠገቤ የነበሩት እናት በወጣትነታቸው ቅጠል ለቃሚ ነበሩ። አካፋቸውን ተደግፈው፣ «ዛፉማ ድሮም ነበረ እኮ፣ ልጄ። መሬቱን ያራቆትነው እኛ ነን። ምን እናድርግ፣ ልጆች ማብላት ነበረብን» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ችግኝ ተተከለ የሚል ወሬ ስሰማ ከሥሩ ምን አለ ብዬ እጠይቃለሁ።

ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን በላይኛው ቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር ሠራን፤ ከክትሩ በላይ ያለውን ቅጠልና ሣር ማንም እንዳይነካ ተስማማን፤ ጽድና ወይራ ተከልን። ዛሬ ብዙው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስላለው ቅጠል ፈላጊው ቀንሷል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ማዳበሪያ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም። ከክትሩ ጀርባ ደለል ሞልቶ ሣር በቅሎበታል፤ በዚያ በኩል የሚወርደው ውኃ ጠርቷል። ክትር ባልተሠራበት በሌላው ጎን ያሉት ቤቶች ግን አሁንም ነሐሴ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ በራቸው ላይ ይደረድራሉ፤ ድንጋዩን ወደዚያ ማጓጓዝ የጀመርነው ባለፈው በጋ ነው።