የቲም ለሚወስድ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ነውር አይደለም

ሱቅ የሚጠብቅልን ልጅ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን። እህታችን ለኒካህ ስትጠየቅ የሰውየውን ዲን፣ አኽላቅ፣ የቀድሞ ትዳሩን ሳይቀር ከጎረቤቶቹ እናጣራለን። አንድ ሰው መጥቶ «ይህን የቲም ወስጄ ላሳድገው» ሲል ግን «አላህ ይቀበልህ» ከማለት ያለፈ ነገር ለመጠየቅ እናፍራለን። ለምን ይሆን?

እኛ ገረሴ ያለን ሙስሊሞች ጥቂት ነን፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ስለዚህ ይሉኝታው ይበረታብናል። ከጥቂት ጊዜ በፊት እናትና አባቱ የሞቱበትን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላሳድገው ብሎ አንድ የሩቅ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጣ። ንግግሩ መልካም፣ አለባበሱም የተከበረ ነው። ከመካከላችን አንዲት እናት «ቤትህ ውስጥ ማን ማን አለ? ልጁ የሚተኛው የት ነው? የትኛው ትምህርት ቤት ልታስገባው ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ሰውየውም «እኔ የመጣሁት ለአጅር ነው፤ እንደ ሌባ ልመረመር ነው እንዴ?» አለ። የቀበሌ ደብዳቤና የሁለት ጎረቤቶቹን ስልክ ይዞ እንዲመለስ በአክብሮት ነገርነው። አልተመለሰም።

መጥፎ ሰው ነበር አንልም፤ አናውቅምና። ነገሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ልጅ ለማናውቀው ሰው አይሰጥም። ልጁ ዛሬ እዚሁ ሰፈራችን አንዲት ባሏ የሞተባት እህታችን ዘንድ ነው። ያንኑ ጥያቄ ለእርሷም አቀረብንላት። «ግቡና እዩ» ብላ በሯን ከፈተችልን።

«ይህ ሁሉ ፍራቻ ከየት መጣ?» ለምትሉ የአካባቢያችን ታሪክ ይመልሳል። ከጋሞ ደጋ መንደሮች «አሳድገዋለሁ፣ አስተምረዋለሁ» እየተባለ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ብዙ ሕፃናት፣ ደብተር በመያዝ ፈንታ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ባሉ የሽመና ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲወረውሩ አድገዋል። ወላጆቻቸው ጨካኞች ሆነው አልነበረም። የወሰዳቸው ሰው ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ስለነበር መጠየቁ ነውር መስሏቸው ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት እንዲሰማና አሳዳጊው ልጁን የመንከባከብ አቅም እንዳለው እንዲመዝን ያዛል። በ2001 የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ስለ አደራ ቤተሰብ ይናገራል። ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም። በ2003 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ የሞተችው ኢትዮጵያዊት ልጅ ከአገር የወጣችው በሕጋዊ ጉዲፈቻ ነበር። ባልና ሚስቱ ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። በጥር 2010 ፓርላማችን የውጭ ጉዲፈቻን ሲከለክል እንዲህ ያሉ በደሎች በምክንያትነት ተነስተዋል።

አንዳንድ ወንድሞች «መመርመር ሱኡ ዘን ነው» ይሉናል። እስቲ ቁርኣንን እናስተውል። በሱረቱ ኒሳእ የየቲም ገንዘብ ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም ታዘናል። ለገንዘቡ ምስክር ካስፈለገ ለራሱ ለልጁማ እንዴት አያስፈልግ? መርየምን (ዐለይሃ ሰላም) ማን ያሳድጋት ሲባልም ዕጣ ተጥሎ ነው ዘከሪያ (ዐለይሂ ሰላም) የተረከቧት። ነገሩ በግልጽ፣ በሰዎች ፊት የተፈጸመ ነው። ጋሞ ጎረቤቶቻችንም ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው ዱቡሻ ላይ ወጥተው በአደባባይ ይመክራሉ እንጂ በጓዳ አይጨርሱም። በከፋላ ልጁ የአባቱን ስም እንደያዘ ይኖራል፤ እኛም የአባቱ ምትክ ሆነን የመጠየቅ አማና አለብን ማለት ነው።

ስለዚህ የቲም ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት እነዚህን እናድርግ፦

አንደኛ፣ ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይቅረብ። ይህ ግን የሚናገረው ፖሊስ ጋ የደረሰውን ብቻ ነውና የጎረቤትና የመስጂዱ ጀማዓ ቃል ይታከልበት።

ሁለተኛ፣ እዚያ ቤት የሚኖረው ሁሉ ይታወቅ፤ አባወራው ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚያድረው ወንድሙና ሠራተኛውም ጭምር።

ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት ያሳደገው ልጅ ካለ ዛሬ የት እንዳለ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ልጁ ራሱ ሊወስደው የመጣው ሰው በሌለበት ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ርክክቡ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት እያወቀው ይሁን።

ስድስተኛ፣ ልጁ ከሄደ በኋላ ከእኛ አንድ ሰው በስም ተመድቦ ይደውልለት፤ ሄዶም ይየው። መጀመሪያ ቀን ፈገግ ያለ ቤት ስድስት ወር ቆይቶ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው በዚህ ነው።

ልቡ ንጹሕ የሆነ ካፊል በእነዚህ ጥያቄዎች ቢከፋ እንኳ ለአንድ ቀን ነው። ሳንጠይቅ የሰጠነው ልጅ ግን ልጅነቱን ሙሉ ሊከፋ ይችላል። ከሁለቱ የማንን ቅሬታ እንደምንሸከም እንምረጥ።

አላህ የቲሞቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሚያሳድጓቸውም አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።