በግማሽ ነጥብ

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ የሰማሁት ክርክር ነው። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያመለከተ አንድ ጓደኛችን «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ እስከ ዲግሪ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ ትችላለህ ወይ ብለው ይፈትኑኛል? ይሄ እኮ ንቀት ነው!» እያለ ይቆጣል። አብረውት የቆሙትም ሁሉ ተቆጡለት። እኔ ግን ዝም አልኩ። እዚያ ቆሜ ማስረዳት ያቃተኝን ነገር ነው አሁን በጽሑፍ የምሞክረው።

በ2011 ዓ.ም. እኔም ልክ እንደ እሱ ተቆጥቼ ነበር። ያኔ ወልድያ አካባቢ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ሙሉ ወጪዬን የሚሸፍን የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አግኝቼ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአይኤልትስ ውጤት። የተጠየቅሁት በአማካይ 6.5፣ በአራቱም ክፍሎች ደግሞ ከ6 ያላነሰ ነው።

መጀመሪያ የፈለግሁት ማምለጫ ነበር። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች «የተማረው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ይበቃቸዋል ሲባል ሰምቼ፣ የተመረቅሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ዘንድ ተሰልፌ አጻፍኩ። ማኅተሙ ተመቶ እጄ ሲገባ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃም ሆነ የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ይላል፤ መጽሐፋችንም ፈተናችንም በእንግሊዝኛ ነበር። ግን የምናውቀውን እንነጋገር ከተባለ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፣ እኛ የተጻፈውን እንገለብጣለን። ጥያቄ ያለው በአማርኛ ይጠይቃል። ፕላዝማውም ትዝ ይላችኋል። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቀንና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከክፍላችን አንድም ሰው ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ስንት ጊዜ ስቀንበታል!

ለማንኛውም ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤውን አልተቀበለውም። የፈተናው ክፍያ ለመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አልነበረምና እናቴ የዕቁቡን ዳኛ ለምና ተራዋ ሳይደርስ ዕጣዋን ወሰደችልኝ። እኔም በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ።

ማዳመጡና ንባቡ ብዙም አላስቸገሩኝም። እያንዳንዳቸው 40 ጥያቄ አላቸው፤ እኔ ደግሞ የምርጫ ጥያቄ ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናችን እንኳ ማጥቆር ብቻ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ያለን የለም። ጽሕፈቱ ላይ ግን ቆም አልኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ቢያንስ በ250 ቃላት «በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ትስማማለህ?» የሚል ነው። እንደ ምንም ሞላሁት።

ከዚያ ንግግሩ መጣ። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከፈታኟ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስለ ከተማዬና ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ እየተንተባተብኩም ቢሆን መለስኩ። ቀጥላ አንዲት ካርድ ሰጠችኝ። ለማሰቢያ አንድ ደቂቃ አለህ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ተናገር ነው ነገሩ። ካርዷ ላይ ያለው ባጭሩ «አንተ ራስህ የወሰንከውን አንድ ትልቅ ውሳኔ ግለጽ» የሚል ነበር።

እርሳሱን ይዤ ቀረሁ። የትምህርት መስኬን ልጻፍ? እኔ ታሪክ ፈልጌ ነበር፤ ነጥብ ተቆጥሮ ጂኦግራፊ ደረሰኝ። ዩኒቨርሲቲውን? ሚኒስቴሩ ነው የመደበኝ። ያስተማርኩበትን ወረዳ? እሱን ደግሞ ዕጣ አወጣልኝ። ደቂቃው አለቀና ፈታኟ «መጀመር ትችላለህ» አለች። ስለ ትምህርት መስኬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ «ከዚያ ተመደብኩ» አልኩና ቆምኩ። ትጠብቀኛለች። እኔም እጠብቃለሁ። ለካ ፕላዝማውን ነው የምጠብቀው፤ «በጣም ጥሩ» ብሎ እንዲያልፈኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ማዳመጥ 6፣ ንባብ 7.5፣ ጽሕፈት 6፣ ንግግር 5.5 ሆነ። አማካዩ 6.25 ነው፤ በፈተናው አሠራር ደግሞ ይህ ወደ 6.5 ከፍ ይላል። አማካዩን አሟላሁ ማለት ነው። ንግግሩ ግን ግማሽ ነጥብ ጎደለው። እንደገና ለመፈተን ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረም፤ ቀነ ገደቡ አለፈ፣ ዕድሉም አብሮ ሄደ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ነበር።

«በስንት ወደቅህ?» አለችኝ።

«በግማሽ ነጥብ፣ እማዬ።»

«ግማሽ! በየቱ በኩል?»

«በንግግሩ።»

ጀበናውን አስቀምጣ ለአፍታ አየችኝ። «አይ ልጄ» አለች፣ «በአማርኛስ መች ትናገርና ነው?»

ያን ዕለት በጣም ነው ያስከፋኝ። ዕቁቧን በላሁባትና ምን ልመልስላት? ሰንብቶ ግን ነገሩ አልለቀኝ አለ። እውነቷን ነው። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ አይናገርም፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፣ ያውም በራሷ በእማዬ። ትምህርት ቤትም ያው ነበር። ሲጠሩኝ ትክክለኛውን መልስ እሰጣለሁ እንጂ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ተብዬ አላውቅም። ካርዷ በአማርኛ ተጽፋ ብትሰጠኝ ኖሮ ከአሥር ዓረፍተ ነገር በላይ አልሄድም ነበር። እንግሊዝኛዬ ድክመት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ አለበት። ያን ቀን ግን ያጣሁት ቃላት ብቻ አልነበረም።

ለፈተናው ጥብቅና መቆሜም አይደለም። ዋጋው ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነው፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በግማሽ ነጥብ የሰው መንገድ መዝጋት ተገቢ ነው ወይ ብሎ መሟገትም ይቻላል። ነገር ግን ያን ጊዜ ቢያልፉኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ሳስበው እደነግጣለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ሆነው ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና ፕሮፌሰሩ አንተስ ምን ትላለህ ይላል። እኔ ደብተሬን ከፍቼ የሚገለበጥ ነገር እጠብቅ ነበር።

ወደ ማስተማሬ ስመለስ አንድ ነገር ጀመርኩ። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለዚያች ለካርዷ ጥያቄ ሰጠኋት። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ የቻለ በእንግሊዝኛ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልተነሳም፤ እኔም «በጣም ጥሩ» ብዬ ላለማለፍ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። በአራተኛው ዓርብ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ብድግ አለችና በእንግሊዝኛ «ከነገ ጀምሮ ፊት ለመቀመጥ ወሰንኩ፤ ምክንያቱም ከኋላ ሰሌዳው አይታየኝም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ለምን እስከዛሬ እንዳልተናገረች ቀጠለች። ግሷ ሁሉ የተዛባ ነበር። አላረምኳትም። ሰኞ ስገባ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት።

ለኮሪደሩ ጓደኛዬ ልለው የፈለግሁት እንግዲህ ይህንኑ ነው። መቆጣትህ ቢገባኝም ለፈተናው ስትዘጋጅ ቃላት ብቻ አትሸምድድ። አንድ ሰው አጠገብህ አስቀምጥና «ምን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቅህ፤ በአማርኛም ቢሆን። ከፈለግህ እኔ እመጣለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት ክፍት ነኝ።