የተሸረፈው ምላጭ

ስለ አንገቴ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንድ ጊዜ ልመልስና ልረፍ። «ቲቸር፣ ያ ሽፍታ የት ሄደ? ምን ተቀብተህ ነው?» የምትሉኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ በዝታችኋል። (ለካ የኋላ ወንበር ላይ ሆናችሁ አንገቴን ነበር የምታጠኑት፤ ፎርሙላውን እንዲህ ብታጠኑት ኖሮ!) ምንም አልተቀባሁም። የምላጭበት መሣሪያ ነው የተቀየረው። ታሪኩ ግን ረዘም ይላል፤ ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እንደኔ ጥቅልል ጺም ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ስለት በተደራረበበት የፕላስቲክ መላጫ ስትላጭ፣ ፊተኛው ስለት ፀጉሩን ጎትቶ ያነሳዋል፣ ተከታዩ ከቆዳው ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። ለጊዜው እጅህ ይንሸራተታል፣ ደስ ይላል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ግን የተቆረጠው ፀጉር ሲያድግ ተጠምዝዞ የራስህን ቆዳ ይወጋል። እብጠቱ እሱ ነው። አንድ ስለት ብቻ ያለው መላጫ ፀጉሩን ቆዳው ላይ ስለሚቆርጠው ለብዙዎቻችን ይሻላል። ለሁሉም ይሠራል አልልም፤ ለእኔ ሠርቷል።

አሁን ወደ ምላጩ።

አባቴ ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሁለት የሚታጠፉ የጥንት ምላጮች ነበሩት፤ ጀርባቸው ወፍራም፣ ጎንና ጎናቸው የተቦረቦረ፣ ወደ ስለቱ ሲወርዱ እንደ ወረቀት የሚሳሱ። ብረቱ ላይ «ዞሊንገን» የሚል ተቀርጿል። ልጅ ሆኜ የምላጭ ስም ይመስለኝ ነበር። ዞሊንገን በስለት ሥራ ስሟ የገነነ የጀርመን ከተማ ናት፤ ከ1938 እ.አ.አ. ጀምሮ ስሟ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ እዚያ ያልተሠራ ስለት ላይ ሊጻፍ አይችልም።

ከዚያ የኤችአይቪ ዘመን መጣ። እኛ ትምህርት ቤት በአንቲ ኤድስ ክበብ «ስለታም ነገሮችን በጋራ አንጠቀም» እያልን ድራማ እንሠራለን፤ አባቴ ጋ የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይኑ ካላየ አይቀመጥም። ልክ ነበሩ። አባቴም አልተከራከረም። ሁለቱን ምላጮች በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተታቸውና ለሁለት የተሰበረ ምላጭ የሚገባበትን መያዣ ገዛ። አለቀ። ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ሰባዎቹ ውስጥ ነው፤ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ራሱን መላጨት ከተወ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ፀጉር ቤት እንሂድ ስለው «የትኛው ልጅ ነው እኔን የሚነካኝ?» ይላል። የፕላስቲኩን መላጫ ይዤ ስጠጋ ፊቱን ያዞራል። ጺሙ አደገ። እናቴ «ባህታዊ መሰልክ እኮ» ትለዋለች። ከሁሉም የከበደኝ ግን አንድ ቀን የሰፈራችን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «አባትህ ሐዘን ላይ ነው እንዴ? ሳንሰማ ቀረን?» ያለኝ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ።

ትምህርት ሲዘጋ፣ ክረምት ላይ፣ ሳጥኑን አወረድኩት። ያን ሁሉ ዓመት በእርጥበት ውስጥ የከረመ ብረት ነው። አንደኛው ምላጭ ከስለቱ ተነስቶ ወደ ላይ የሄደ ስንጥቅ አለው። የሁለተኛው ስለት መሐሉ ላይ ተሸርፏል፣ ጫፉ አካባቢም ሌላ ትንሽ ሽራፊ አለ፣ ጀርባው ዝጓል። ለአባቴ ሳሳየው በጥፍሩ ቀስ ብሎ ስለቱን እየዳሰሰ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡታል?» አለና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት!

እናንተም የአያታችሁ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ካገኛችሁ መጀመሪያ ስንጥቅና ሽራፊን ለዩ። ስንጥቅ ያለበት ምላጭ አይድንም፤ ብትስሉትም ስንጥቁ ይቀጥላል፣ አንድ ቀን ፊታችሁ ላይ ይሰበራል። ለመታሰቢያ አስቀምጡት። ሽራፊ ግን፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ካልበለጠ፣ ዙሪያው ያለው ብረት ተስሎ እስኪደርስበት ድረስ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ዝገትም እንዲሁ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው መልክ ያበላሻል እንጂ አይጎዳም፣ ስለቱን ከበላው ግን ብትስሉትም እየተፈረፈረ ያስቸግራል።

የገረመኝ አሠራሩ ነው። የወጥ ቤት ቢላ ስትስል አንግሉን የሚይዘው እጅህ ነው። እዚህ ግን ምላጩን ድንጋዩ ላይ አስተኝተህ ጀርባውም ስለቱም አብረው እንዲነኩ ታደርጋለህ፤ የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት አንግሉን ራሳቸው ይወስኑታል። ጂኦሜትሪ ነው። የሠራው ሰው መልሱን ብረቱ ውስጥ አስቀምጦልሃል።

መጀመሪያ ከመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚገዛውን 1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ አጣብቄ ጀመርኩ። ስለቱ ላይ በፐርማነንት ማርከር እቀባለሁ (የነጭ ሰሌዳው አይሆንም፣ በውሃ ይለቃል)፤ ቀለሙ ያልጠፋበት ቦታ ገና አልተነካም ማለት ነው። የሽራፊውን መጠን በትምህርት ቤቱ የእጅ ሌንስ አየዋለሁ። ሽራፊዎቹ እስኪጠፉ አራት ምሽት ፈጀ። ከዚያ ዱባይ የምትሠራው እህቴ የላከችው አንድ ጎኑ 3000 ሌላው 8000 የሆነ ድንጋይ። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ድንጋዩ ይልማል፣ የቀደመው የተወውን ጭረት ያጠፋል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች የሚጫነው የምላጩ ክብደት ብቻ መሆን አለበት።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ አያይም፤ ይሰማል። ዓይኑን ጨፍኖ «ጫፉ ላይ ተነሳብህ» ይለኛል፣ ሳየው እውነትም ተነስቷል። ከድምፁ ነው የሚያውቀው። ዲፕሎማ ስማር ብዙ ጎበዝ መምህራን ነበሩኝ፤ እንዲህ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያርም ግን አልነበረም።

ድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ ቆዳ ላይ ግን ጀርባው ነው የሚቀድመው። ይህን ካገላበጣችሁት ቆዳውም ስለቱም ይበላሻል። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ምላጩን የምታዞሩት በጀርባው ነው። ለዚህ የድሮ ሰፊ ቀበቶ ተጠቀምኩ፤ ሃምሳ ጊዜ ወዲህ፣ ሃምሳ ጊዜ ወዲያ።

ለምን ይህን ያህል ልፋት ለምትሉኝ፦ ፕሬዠር ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ስፋቱ ወደ ምንም ሲጠጋ ኃይል አያስፈልግም። የዶለዶመ ምላጭ ትጫነዋለህ፣ ስትጫነው ይቆርጥሃል። የተሳለው ከደነዘው ያነሰ ያስፈራል።

አባቴ ጋ ከመድረሱ በፊት ራሴ ላይ ነበር የተማርኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ጉንጬን ብቻ። ፊትን በሞቀ ውሃ፣ ሳሙናውን በደንብ አረፋ አድርጎ፣ በሌላው እጅ ቆዳውን ወጠር፣ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ወደ ታች። አገጭና ከንፈር ላይ የሄድኩት ከወር በኋላ ነው። አባቴ ግን ምላጩን እንደገና እያስመጣ በአውራ ጣቱ ስለቱን በአግድም ይነካና «ገና ነው» ይላል። መልሼ ወደ ድንጋዩ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገኝ።

በአራተኛው ምንም አላለም። ፎጣውን ከትከሻዬ ወስዶ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረና አገጩን ቀና አደረገ።

ምላጩን በአልኮል አጠብኩት። እጄ ከእሱ እጅ ይልቅ ነበር የሚንቀጠቀጠው። የአባትን አንገት በስለት መንካት ፈተና ነው ወገኖቼ! ዕድሜውን በሙሉ የማያውቃቸው ሰዎች አንገታቸውን ለእሱ ሰጥተው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ አሁን እሱ ጨፈነ። ጉንጩ እንደ ወጣት ቆዳ አይወጠርም፣ በሁለት ጣት ወደ ጆሮው እየሳብኩ ሄድኩ። ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ። እሱ ድሮ በስምንት ደቂቃ ይጨርስ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ምላጭ የእሱ ብቻ ነው፣ ሌላ ፊት አይነካም። እኔ አዲስ ምላጭ የሚቀየርበትን መያዣ ነው የምጠቀመው፤ አሠራሩ አንድ ነው፣ አንገቴም የዳነው በእሱ ነው። ለጀማሪም የምመክረው እሱን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ድንጋይ አይፈልግም።

እሁድ እሁድ ጠዋት እንላጫለን። ያለፈው እሁድ «ከከንፈሬ በላይ ግራው ቀርቷል» ብሎ ከቁርስ ላይ አስነስቶኛል። የእናቴ አስተያየት ደግሞ ባህታዊው ይሻል ነበር የሚል ነው፤ ሲላጭ ወሬው በዝቷል አለች።

አሁን የሚፈልገው ሰፊ የበሬ ቆዳ ነው፣ ያለ ቀለም፣ ሁለት ክንድ የሚሆን። ቀበቶዬን ንቆታል። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።